የሞዴል አውሮፕላን ክንፍን በጋለ ሽቦ ስለ መቁረጥ

ቴሌቪዥንና ሌሎች የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በካርቶናቸው ውስጥ እንዳይሰበሩ የሚደገፉበት ነጭ ቀላል ነገር ፖሊስታይሪን ፎም ይባላል። ከይዘቱ አብዛኛው አየር በመሆኑ በመጋዝ ሲቆረጥ ይፈረፈራል፤ የጋለ ሽቦ ሲያልፍበት ግን እየቀለጠ ልሙጥ ገጽ ይሰጣል። የሞዴል አውሮፕላን ሠሪዎች ክንፍ የሚያወጡት በዚሁ ዘዴ ነው። ሥራው ወደ ክፍል ሲገባ ደግሞ ከተሳካው ክንፍ ይልቅ የተበላሸው ብዙ ያስተምራል።

መቁረጫው የጥጥ መንደፊያ ደጋንን ይመስላል። በእንጨቱ ሁለት ጫፎች መካከል፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ የሚገኘውን የመሰለ የኒክሮም ሽቦ ይወጠርበታል። ሽቦው 0.4 ሚሊሜትር ውፍረትና 60 ሳንቲሜትር ርዝመት ቢኖረው ሬዚስታንሱ 5.2 ኦም ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ ከ12 ቮልት ባትሪ 2.3 አምፔር ገደማ ይስባል፣ 27 ዋት ያህል ሙቀትም ይሰጣል። ሽቦ ሲግል ይረዝማል። ጭማሪው ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ቢሆንም፣ ባንዱ ጫፍ ሞላ ካልተደረገለት ሽቦውን ለማርገብ ይበቃል፤ የረገበ ሽቦ ደግሞ ቀጥ ያለ ክንፍ አያወጣም።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። ሽቦው ቢያጥር ሙቀቱ የሚቀንስ ይመስላቸዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ በዚያው ባትሪ ላይ የሽቦው ርዝመት በግማሽ ቢቀነስ ሬዚስታንሱ በግማሽ ይወርዳል፣ ጠቅላላ ሙቀቱ እጥፍ ይሆናል፣ በእያንዳንዱ ሳንቲሜትር ላይ የሚወጣው ሙቀት ግን አራት እጥፍ ይደርሳል። ፎሙ ይጨሳል፤ ክፍተቱም ይሰፋል። የኦም ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ሲነገር ይህን ያህል አይታመንም።

ለጀማሪ የሚስማማው የክንፍ ቅርጽ ቨርጂኒየስ ክላርክ በ1922 እ.ኤ.አ. የነደፈው ክላርክ ዋይ ነው። የታችኛው ገጹ ትልቁ ክፍል ጠፍጣፋ ስለሆነ በጠረጴዛ ላይ ያለ ችግር ይቀመጣል። ውፍረቱ ከስፋቱ 11.7 በመቶ ነው፤ ስለዚህ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ላለው ክንፍ 2.3 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። ቅርጹ ከኮምፔርሳቶ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ በፎሙ ግራና ቀኝ ጎን በሚስማር ይያያዛል፤ ሽቦውም የሁለቱን ጠርዝ ተከትሎ ይጎተታል።

ክንፉ ወደ ጫፉ የሚጠብ ከሆነ ሒሳብ ይገባበታል። በሥሩ 20፣ በጫፉ 15 ሳንቲሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ሁለቱም ቅርጾች በእርሳስ አሥር አሥር እኩል ቦታ ይከፈላሉ። አንድ ተማሪ ቁጥር ይጠራል፤ በሥሩ በኩል ያለው በየቁጥሩ 2፣ በጫፉ በኩል ያለው 1.5 ሳንቲሜትር ይጓዛል፤ ሁለቱም ከመጨረሻው ጠርዝ በአንድነት ይደርሳሉ። አንዱ ቢቀድም ክንፉ ይጣመማል። ቁጥሩን በትክክል ጠብቀው ቢሠሩም እንኳ ጫፉ ከሚጠበቀው ጥቂት ይሳሳል፤ ሽቦው በዚያ በኩል ቀስ ብሎ ስለሚሄድ የሚያቀልጠው ይበዛልና። እንዲሁም ከፎሙ ውስጥ ያለው የሽቦው መካከል ከጫፎቹ ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ በኋላው ጠርዝ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። መምህሩ እነዚህን ምክንያቶች አስቀድሞ ባይናገርና ተማሪዎቹ የተበላሸውን ክንፍ በማስመሪያ እየለኩ ራሳቸው ቢደርሱባቸው ይመረጣል።

ጥንቃቄውን በሚመለከት ማመንታት አይገባም። ሽቦው በግድግዳ ሶኬት 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ፈጽሞ አይያያዝም፤ በባትሪውም መሥመር ላይ የ5 አምፔር ፊውዝ ይደረጋል። ሽቦው እስኪቀላ መጋል የለበትም። ፖሊስታይሪን ሲቀልጥ የሚወጣው ትነት ለጤና ስለማይበጅ ሥራው በደጅ፣ አለዚያም መስኮቶች ተከፍተው ይከናወናል። የፍራሽ ስፖንጅ ግን በጋለ ሽቦ አይቆረጥም፤ ጭሱ መርዛማ ነው። ዕቃ አቅራቢዎች ሁለቱንም «ፎም» ብለው ስለሚጠሩ ግዢ የሚፈጽመው ክፍል ልዩነቱ በጽሑፍ ቢገለጽለት ይሻላል።

ከክንፉ ላይና ታች የሚተርፉት ሁለት ቅርፊቶች አይጣሉም። ግማሾቹ ክንፎች ሲጣበቁ እንደ አልጋ ሆነው ይይዟቸዋል። ለማጣበቂያ ነጭ የእንጨት ኮላ ይበቃል፤ ቤንዚንም ሆነ አሴቶን ያለበት ማጣበቂያ ፎሙን ያሟሟዋል።