ከመሬት የሚቀድም ድንጋይ

የካቲት 1 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ በሰሜን ሜክሲኮ ሰማዩ በድንገት እንደ ቀን በራ። ከዚያ በኋላ በአዬንዴ መንደር ዙሪያ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ከ2 ቶን በላይ ስብርባሪ ተለቀመ። አጋጣሚው ለሳይንስ ትልቅ ሲሳይ ነበር። አፖሎ 11 በዚያው ዓመት ሐምሌ ከጨረቃ የሚያመጣውን አለት ለመመርመር የተሰናዱት ቤተ ሙከራዎች መሣሪያዎቻቸውን የፈተሹት በመንደሩ ስም አዬንዴ በተባለው በዚህ ድንጋይ ነው።

ከሰማይ ሲወድቁ ከሚታዩት ሜትዮራይቶች መካከል ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት እንደ አዬንዴ ድንጋያማ ናቸው። ጥቁሩ ቅርፊታቸው ስስ ነው፤ አየር ውስጥ ሲንቦገቦግ የቀለጠው ላዩ ብቻ ነውና። አዬንዴ ተቆርጦ ሲለሰልስ በጥቁር ግራጫው ደቃቅ አካል ውስጥ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ እንክብሎች ይታያሉ። ኮንድሩል ይባላሉ፤ በሕዋ ተንሳፍፈው ሳሉ ቀልጠው ወዲያው የረጉ ጠብታዎች ናቸው። በአመዛኙ የተሠሩት ከኦሊቪንና ከፓይሮክሲን ነው፤ በሁለቱም ማዕድናት ሲሊኮንና ኦክስጅን ከማግኒዚየምና ከብረት ጋር ተዋህደዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቁኝ ግን ነጫጮቹ ነጠብጣቦች ናቸው። ካልሲየምና አሉሚኒየም የበዛባቸው ስፒኔልና ሜሊላይት የተባሉ ማዕድናት አሉባቸው፤ ፀሐይን ከቦ የነበረው የጋለ ጋዝ ሲበርድ ቀድመው የጠጠሩት እንዲህ ያሉት ናቸው። የዚህ ዓይነት ነጠብጣቦች ዕድሜ በእርሳስ አይሶቶፖች ሲለካ 4.567 ቢሊዮን ዓመት ሆኗል። መሬት ራሷ ገና አልነበረችም።

እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በእነዚሁ ነጠብጣቦች ውስጥ ከተለመደው በላይ ማግኒዚየም 26 አገኙ። ምንጩ አሉሚኒየም 26 ነው፤ በ700,000 ዓመት ገደማ ግማሹ እየፈረሰ ወደ ማግኒዚየም የሚለወጥ፣ ሲፈርስም ሙቀት የሚለቅ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር። ያ ሙቀት ቀድመው የገዘፉትን አስትሮይዶች ከውስጥ አቀለጣቸው። ከባዱ ብረት ወደ መሃል ሰመጠ፣ ድንጋዩ ወደ ላይ ቀረ፣ ኮንድሩሎቹም ጠፉ። ቬስታ ከተባለው አስትሮይድ እንደመጡ የሚታመኑት ድንጋዮች የዚህ ሂደት ልጆች ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ እንደ ደጋችን ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ናቸው።

በድንጋዮቹ ውስጥ ያለው ይህ ሁሉ መዝገብ በቀላሉ ይበላሻል። በአብዛኞቹ ድንጋያማ ሜትዮራይቶች ውስጥ ያለው የብረትና የኒኬል ቅንጣት እርጥበት ሲነካው ይዝጋል። ማግኔት ደግሞ ድንጋዩ ከጥንት ይዞት የመጣውን መግነጢሳዊ አሻራ ይደመስሳል። ስለዚህ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ካጋጠማችሁ አትጠቡት፣ ማግኔት አታስጠጉበት፤ የወደቀበትን ቦታና ሰዓት ጽፋችሁ በንጹሕና ደረቅ ነገር ጠቅልላችሁ ለጂኦሎጂ ባለሙያ አድርሱት።