የኔትወርክ ሣጥኖች ወደ ሶፍትዌር ሲለወጡ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ የጣርማበርን ዋሻ ተሻግሮ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደብረ ሲናን ያገኛታል። መንገደኛው ቆሎውን ሸምቶ ይቀጥላል፤ እኛ ግን ጥቂት ቆም ብለን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ አንድ ባንክ በዚህች ከተማ ቅርንጫፍ አለው እንበል። የቅርንጫፉ ፋየርዎል ቢበላሽ፣ ምትኩ በመኪና ተጭኖ ጉም የለበሰውን ጣርማበር አቋርጦ እስኪደርስ ድረስ ደንበኞች ይጉላላሉ። መሣሪያው ሳይጓዝ ተግባሩ ብቻ ሊጓዝ አይችልምን?

እንደሚታወቀው፣ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ የኔትወርክ ተግባር የየራሱ ሣጥን አለው። ራውተር የመረጃ ጥቅሎችን መንገድ ይመራል፤ ፋየርዎል ያልተፈቀደውን ያግዳል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. እንደተዘረጋው ወረዳኔት ያለ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን የሚያገናኝ መረብ ስንት ሣጥን እንደሚፈልግ መገመት አያዳግትም።

በጥቅምት 2005 ዓ.ም. 13 ታላላቅ የቴሌኮም ድርጅቶች በጀርመን አገር፣ በዳርምሽታት ከተማ በቀረበው ሰነዳቸው እነዚህ ተግባራት ከልዩ ሣጥኖቻቸው ተላቀው በመደበኛ ሰርቨር ላይ እንደ ሶፍትዌር እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረቡ። መሠረቱ አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረው ምናባዊ ማሽን ነው። ሃይፐርቫይዘር የተባለ ሶፍትዌር የአንዱን ሰርቨር ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ያከፋፍላል፤ ራውተሩም ፋየርዎሉም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማሽን ያላቸው ያህል ይሠራሉ።

ይሁን እንጂ ፊዚክስ ምናባዊ አይሆንም። በሴኮንድ 10 ቢሊዮን ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ ትንንሾቹ የኢተርኔት ጥቅሎች ሲደራረቡ በየ67 ናኖ ሴኮንዱ አንድ ጥቅል ይደርሳል። በ3 ጊጋኸርዝ ለሚሠራ የፕሮሰሰር ኮር ይህ 200 ምት ያህል ብቻ ነው፤ ከዋናው ሜሞሪ አንድ ጊዜ መረጃ ለማምጣት የሚፈጀው ጊዜ ይህን ሁሉ ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ሥራው ለብዙ ኮሮች ይከፋፈላል፤ ጥቅሎችም በጅምላ ይስተናገዳሉ።

ታዲያ ሁሉንም ተግባር ወደ አዲስ አበባ ብናዛውረውስ? ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ፋይበሩ የመንገዱን ያህል ቢረዝም ደርሶ መልሱ 2 ሚሊ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። ችግሩ መዘግየቱ ሳይሆን የመስመሩ መቋረጥ ነው። መስመሩ ሲቆረጥ ወደ ማዕከል የተዛወረው ተግባር ሁሉ ለቅርንጫፉ የለም ማለት ነው፤ ስለዚህ በቅርንጫፉ ውስጥ ያሉትን ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚያገናኘው ተግባር እዚያው መቅረት አለበት።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አዎን፣ ተግባሩ ሊጓዝ ይችላል፤ የተበላሸው ፋየርዎል ሶፍትዌር ከሆነ፣ መስመሩ እስካለ ድረስ ቅጂው ከአዲስ አበባ ተልኮ ሥራውን ይጀምራል። ነገር ግን ቀድሞ አንድ ሣጥን ሲበላሽ አንድ ተግባር ይቋረጥ ነበር፤ አሁን ሰርቨሩ ቢወድቅ ሁሉም በአንድነት ይወድቃሉ። ስለሆነም ሁለተኛ ሰርቨርና አስተማማኝ የኤሌክትሪክ ኃይል ግድ ይላሉ። ያን ሳያሟላ ሣጥኖቹን የሚያስወግድ ድርጅት፣ ወጪውን ቢቀንስም አደጋውን አንድ ቦታ ላይ ከምሮታል።