የተጫወቱባት ተወደደች፣ የደበቋት ረከሰች
ስለ ትንንሽ የመኪና ሞዴሎች አሰባሰብና አተማመን

በ1930ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ አገር የተሠራች፣ ከአንድ ጣት እምብዛም የማትረዝም የዕቃ ማመላለሻ መኪና መጫወቻ ነበረች። በጎኗ ላይ በለንደን ከተማ የአንድ ብስክሌት ነጋዴ ማስታወቂያ ተጽፎባታል። ዋጋዋ ልጅ ከኪሱ የሚያወጣው ጥቂት ፔንስ ነበር። ከነዚያ መኪናዎች አንዷ በ2008 ለጨረታ ቀርባ ወደ 20 ሺህ በሚጠጋ ፓውንድ ተሸጠች። በሌላ በኩል ከእርሷ እጅግ በተሻለ ጥበብ የተሠሩ፣ ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ ከካርቶናቸው ያልወጡ ሞዴሎች ዛሬ የተገዙበትን ዋጋ እንኳ የሚከፍል ሰው አጥተዋል። ለመሆኑ ይህ ልዩነት ከየት መጣ? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የባለጠጎች ጨዋታ ነው ብለን ልናልፈው እንችል ይሆናል። ይሁን እንጂ በአውሮፓና በአሜሪካ በዚህ ስብስብ ላይ የቤተሰብ ጥሪት ያፈሰሱ አባወራዎች ብዙ ናቸው። ሰውየው ሲሞት ሚስትና ልጆች በካርቶን የታጨቀ ዕቃ ይዘው ይቀራሉ፤ ዋጋውን ስለማያውቁ ወይ በርካሽ ይሸጡታል፣ ወይም የሌለ ሀብት እየጠበቁ ይኖራሉ። ስለዚህ የዋጋውን ምሥጢር ማወቅ ለሰብሳቢው ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡም ይጠቅማል።

መነሻው ባቡር ነበር

ፍራንክ ሆርንቢ የሊቨርፑል ከተማ ሰው ነበር። በ1901 በቀዳዳ የተበሱ የብረት ቁርጥራጮችን በብሎን እያያያዙ የሚጫወቱበትን ሜካኖ የተባለ ፈጠራውን በመንግሥት አስመዘገበ። ኋላም ፋብሪካው የመጫወቻ ባቡር መሥራት ጀመረ። በ1933 ደግሞ የባቡሩን መንገድ እንዲያደምቁ ተብለው ስድስት ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ወጡ። በተከታዩ ዓመት ዲንኪ ቶይስ የሚል ስም ተሰጣቸው። ለባቡር ማጀቢያ የተፈጠሩት መኪናዎች ብዙም ሳይቆዩ በራሳቸው ተፈላጊ ሆኑ።

ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ የተለመደው 1 ለ43 የሚባለው መጠን የመጣው ከዚሁ ከባቡሩ ነው። የእንግሊዝ የባቡር ሞዴል ሠሪዎች የእውነተኛውን ባቡር አንድ ጫማ ርዝመት በ7 ሚሊ ሜትር ይተኩት ነበር። አንድ ጫማ 304.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለ7 ሲካፈል 43.5 ይሆናል።

ይህን በምናውቃት መኪና እንመልከተው። በከተሞቻችን ለብዙ ዘመን ያየናት ቮልስዋገን ርዝመቷ 4 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በ1 ለ43 ስትሠራ 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ትሆናለች። በ1 ለ64 ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ተኩል ትወርዳለች፤ በ1 ለ18 ደግሞ ከ22 ሳንቲ ሜትር ታልፋለች። ሞዴል የሚባለው በሁሉም ክፍሉ ይህን ስሌት የጠበቀ ነው። ጎማው ከቦዲው ጋር የማይመጣጠን ከሆነ መጫወቻ እንጂ ጥሩ ሞዴል አይባልም።

ሦስቱ ስሞች

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁለት ተፎካካሪዎች ተነሡ። በ1947 ሌስሊ ስሚዝና ሮድኒ ስሚዝ የተባሉ፣ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ጓደኛሞች ከስማቸው ቆርጠው ሌስኒ የሚል ኩባንያ መሠረቱ። ጃክ ኦዴል የተባለ የብረት ቅርጽ አውጪ ባለሙያም ተቀላቀላቸው። በ1953 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ ስትጭን የሠረገላዋን ትንሽ አምሳያ ሠርተው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሸጡ። የኦዴል ልጅ ትማርበት የነበረው ትምህርት ቤት ከክብሪት ሣጥን የሚበልጥ መጫወቻ ማምጣትን ይከለክል ነበርና፣ አባት ክብሪት ሣጥን ውስጥ የምትገባ ዳምጠው ሠራላት። ማችቦክስ የተባለው ስም ከዚያ ተወለደ።

በ1956 ደግሞ ሜቶይ የተባለው ኩባንያ በዌልስ፣ በስዋንሲ ከተማ፣ ኮርጊ ቶይስን አወጣ። የኮርጊ መኪናዎች መስተዋት የሚመስል ጥርት ያለ የፕላስቲክ መስኮት ነበራቸው፤ ተፎካካሪዎቻቸው ያን ጊዜ ይህ አልነበራቸውም። በ1965 ከጄምስ ቦንድ ፊልም የተወሰደችው አስተን ማርቲን ስትወጣ ጣሪያዋ ተከፍቶ ሰው የሚያስፈነጥር፣ ከፊቷ መትረየስ የሚያወጣ፣ ከኋላዋ የጥይት መከላከያ የሚያነሣ ሆና ቀረበች። የፊልሙ መኪና ብርማ ነበር፤ መጫወቻዋ ግን ብርማ ብትሆን ቀለም ያልተቀባች ስለምትመስል ወርቃማ ተደረገች።

ሦስቱም እስከ መጨረሻው አልዘለቁም። የሊቨርፑሉ ፋብሪካ በ1979 ተዘጋ፣ ሌስኒ በ1982፣ ሜቶይ በ1983 ወደቁ። ስሞቹ ግን ተሽጠው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ። በልጅነታቸው በእነዚህ መኪናዎች የተጫወቱት አዋቂዎች የጠፋውን ዕቃቸውን መፈለግ ጀመሩ። የዛሬው ገበያ የተገነባው በዚህ ናፍቆት ላይ ነው።

ዋጋ በምን ይለካል?

አንደኛው መለኪያ ብርቅነት ነው። ብርቅነት ሲባል ስንት ተሠራ ማለት ብቻ ሳይሆን ስንት ተረፈ ማለት ነው። አንዲት መኪና በአሥር ሺህ ተሠርታ ልጆች ከደረጃ ላይ ቢወረውሯት፣ በጭቃ ውስጥ ቢነዷት፣ ቀለሟን ቢልጧት፣ ከነካርቶኗ በደህና የምትገኘው ጥቂት ናት።

ሁለተኛው የቀለም ልዩነት ነው። አንድ ፋብሪካ አንድን መኪና በአረንጓዴ ለዓመታት ሲያወጣ ኖሮ ለአጭር ጊዜ በቢጫ ቢቀባት፣ ቢጫዋ ከአረንጓዴዋ ብዙ እጥፍ ልትበልጥ ትችላለች።

ሦስተኛው ይዞታ ነው። ዋናው ጥያቄ መኪናዋ ከፋብሪካ በወጣችበት ቀለም ላይ ናት ወይ የሚለው ነው። ብዙ ሰው ስለማያውቅ የተላጠችውን መኪና አሳምሮ ቀብቶ ዋጋ ጨመርኩ ይላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ትንሽ የተላጠ የመጀመሪያ ቀለም ከሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለም ይበልጣል።

አራተኛው ምሉዕነት ነው። ስፖኪዮዋ፣ ፓራውልቷ፣ በውስጧ የተቀመጠው ሰው መኖራቸው ይታያል። ለምሳሌ ያችን ወርቃማ አስተን ማርቲን የሚገዛ ሰው መጠባበቂያ ሆኖ የተጨመረውን ትንሽ ሰው፣ የምሥጢር መመሪያውን ፖስታና የሚለጠፈውን ምልክት ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ካርቶኗን ይጠይቃል። ልጅ መጀመሪያ የሚጥለው ካርቶኑን ነውና ብዙ ጊዜ ካርቶን ያላት መኪና ካርቶን ከሌላት እጥፍና ከዚያ በላይ ታወጣለች።

ስሕተት እንኳ ዋጋ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የአሜሪካው ማቴል ሆት ዊልስን በ1968 ካወጣ በኋላ በ1969 የቮልስዋገን ሚኒባስ ሞዴል ሞከረ። የባሕር መንሸራተቻ ሰሌዳዎቹ ከኋላ መስኮት የሚገቡ ነበሩ። መኪናዋ ግን ጠባብና ከላይ የምትከብድ ስለሆነች ከመጫወቻው መንገድ ጋር አልስማማ አለች። ሰሌዳዎቹ ወደ ጎን ተዛውረው፣ ወገቧ ሰፍቶ እንደገና ተሠራች። ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ሥራዎች የተረፉት ጥቂት ናቸው፤ ከነዚያ መካከል ሮዝ ቀለም ያላት ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ትገመታለች።

ከውስጥ የሚበላ ነቀዝ

ቀለሟ ያማረ፣ ካርቶኗ የተሟላ መኪና ዋጋ የምታጣበት አንድ በሽታ አለ። እነዚህ መኪናዎች የሚሠሩት ዚንክን ከጥቂት አሉሚኒየም፣ ማግኒዥየምና መዳብ ጋር ቀላቅሎ በማቅለጥ፣ በብረት ፎርማ ውስጥ በግፊት በማስገባት ነው። ዚንኩ ንጹሕ መሆን አለበት። በትንሹም ቢሆን እርሳስ ወይም ቆርቆሮ የመሳሰለ ባዕድ ማዕድን ከገባበት ብረቱ ከውስጥ ይበላል። እህልን ነቀዝ እንደሚበላው ማለት ነው። መጀመሪያ ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይታያል፤ ቀጥሎ ቦዲው ያብጣል፣ ይጣመማል፤ በመጨረሻም በእጅ ሲነኩት ይፈረካከሳል።

ከጦርነቱ በፊት የተሠሩ ብዙ የዲንኪ መኪናዎች የጠፉት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም። ሙቀትና እርጥበት ያፋጥኑታል፤ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያዘገየዋል። አሁን በቅርብ ዘመን በተሠሩ ውድ ሞዴሎች ላይም ሲታይ ገዢው ገንዘቡን ያጣል። ስለዚህ የሚገዛ ሰው መኪናዋን ገልብጦ ወለሏን፣ የበሮቿን ጠርዝና ኮፈኗን በማጉያ መነጽር ይመልከት።

ማስመሰልና ማታለል

ገንዘብ ባለበት አታላይ አይጠፋም። አሮጌ መኪና እንደ አዲስ ተቀብታ የፋብሪካ ቀለም ናት ተብላ ትሸጣለች። ዛሬ የታተመ ካርቶን የ1950ዎቹ ነው ይባላል። መከላከያው ዓይንን ማሠልጠን ነው። የወለሏን ማያያዣ ሪቬት ተመልከቱ፤ በመሰርሰሪያ ተነቅሎ ከሆነ ዱካው ይታያል። ወረቀቱን በአልትራቫዮሌት መብራት ፈትሹት፤ ዘመናዊ ወረቀት የሚያነጣው ኬሚካል ስላለው ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ያበራል፤ ከ1950ዎቹ በፊት የተሠራው ግን እንዲያ አያበራም።

ሰብሳቢዎች ለዚሁ ሲሉ ሦስት ደረጃ አበጅተዋል። ፋብሪካው ራሱ የሠራው አንደኛ ኮድ ይባላል። በፋብሪካው ፈቃድ ሌላ ሰው የለወጠው ሁለተኛ ኮድ ነው። ያለ ፈቃድ የተለወጠው ሦስተኛ ኮድ ይሆናል። አዲስ ጎማ መግጠም ወይም እንደገና መቀባት በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ለገዢው አለመንገር ነው። የዕቃን ጉድለት ደብቆ መሸጥ በእምነታችን የተከለከለ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ንግድም ስሙ የተከበረ ሻጭ ጉድለቱን ቀድሞ የሚናገር ነው።

ለትርፍ ብሎ መሰብሰብ

የድሮዎቹ ዋጋ መናሩን ያዩ ኩባንያዎች ኋላ ላይ ለሰብሳቢ ብቻ የታሰቡ ሞዴሎችን ማውጣት ጀመሩ። በቁጥር የተወሰነ ነው ተባለ፤ የምስክር ወረቀት ተጨመረ፤ ካርቶኑ ተዋበ። ብዙ ሰውም ነገ ያተርፋል ብሎ ገዝቶ በቁም ሣጥን ቆለፈ። ችግሩ ግን ሁሉም ሰው እንዲሁ ማድረጉ ነው። አሥር ሺህ ተሠርቶ አሥር ሺሁም ከነካርቶኑ ከተረፈ ብርቅነቱ ምኑ ላይ ነው? ሌስኒ ከ1956 ጀምሮ ያወጣቸው የጥንት መኪናዎች ሞዴሎች ለዚህ ማስረጃ ናቸው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በገፍ የወጡት ዛሬም ካርቶናቸው ሳይከፈት በየገበያው በርካሽ ይገኛሉ።

ፍላጎትም ዕድሜ አለው። ሰው የሚፈልገው በልጅነቱ የነበረውን ወይም ተመኝቶ ያጣውን ነው። ያ ትውልድ ሲያልፍ የሚናፍቀው ሰው ይቀንሳል።

ታዲያ አዲስና ከፍተኛ ጥራት ያለው ሞዴል መግዛት ሞኝነት ነውን? አይደለም። በ1995 በጀርመን የተመሠረተው ሲ.ኤም.ሲ. በ1 ለ18 መጠን ካወጣቸው ሞዴሎች አንዳንዶቹ ከአንድ ሺህ በላይ ክፍሎች በእጅ ተገጣጥመው የተሠሩ ናቸው። በእንግሊዝ፣ በብሪስቶል ከተማ፣ ከ1985 ጀምሮ የሚሠራው አማልጋም ደግሞ በ1 ለ8 በሚሠራቸው ትልልቅ ሞዴሎች ይታወቃል። በእንዲህ ያለ ዕቃ የሚከፈለው ለእጅ ሥራ ነው። ጥበቡን ወድዶ ከትርፍ ገንዘቡ የሚገዛ አይጎዳም፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ አውጥቶ በእጥፍ እሸጠዋለሁ የሚል ግን ይጎዳል።

ለቤተሰብ የሚሆን ምክር

አሮጌ ሞዴል በእጃችሁ ካለ ወይም በስደት አገር በአሮጌ ዕቃ ገበያ ካጋጠማችሁ እነዚህን አስታውሱ። አታጥቡት፣ አትወልውሉት፣ አትቀቡት። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ አንሡ። ፀሐይ ቀለሙንና ካርቶኑን ያነጣል፤ ስለዚህ ከመስኮት አርቁት። ለስላሳ ጎማዎች ከተቀመጡበት ፕላስቲክ ጋር ሊጣበቁ ስለሚችሉ አልፎ አልፎ ከቦታቸው አንቀሳቅሷቸው።

ሰብሳቢ የሆነ ሰው ደግሞ መዝገብ ይያዝ፤ ምን እንደገዛ፣ መቼ፣ በስንት፣ ምኑ እንደተለወጠ ይጻፍ። የውርስ ንብረት ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ወራሽ ድርሻ በትክክል የሚታወቀው የዕቃው ዋጋ ሲታወቅ ነው። ዋጋ ለመገመትም ሻጭ የጠየቀውን ሳይሆን በጨረታ በእርግጥ የተከፈለውን ተመልከቱ።

ለልጅ የተገዛችውን መኪና ግን ለልጁ ተዉለት። የኛ ሰፈር ልጆች ከሽቦ፣ ከሰርዲን ጣሳና ከቆርኪ የሚሠሯት መኪና ተሰባብራ ስለምትጣል በብዙ ቤት አንዲትም አልተረፈችም። ልጃችሁ እንዲህ ያለች መኪና ሠርቶ ጨዋታው ሲበቃው፣ የሠራበትን ዓመትና ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ከእርሷ ጋር አስቀምጡለት።