ሒሳብ መምህር ከኢንተርኔት ምን ያገኛል? ተረትና እውነታ

ስታፍ ውስጥ ሻይ እየተጠጣ ስለ ኢንተርኔት ሲነሳ ወሬው ሁለት ጫፍ ይይዛል። አንዱ ወገን «ሁሉም ነገር ዩቲዩብ ላይ አለ፤ ልጆቹ ከዚያ ይማሩ» ይላል። ሌላው «መብራት እንኳ በቅጡ በሌለበት?» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ዕቃው ነው፤ ስለ ቪዲዮው፣ ስለ ኔትወርኩ፣ ስለ ላፕቶፑ። የሒሳብ መምህሩን የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነው። ትናንት የገባቸው የሚመስለው ትምህርት ዛሬ ለምን ተምታታ? ተማሪዋ 0.35 ከ0.4 ይበልጣል ያለችው ምን አስባ ነው? ነገ ምን ብትጠየቅ ስህተቷን ራሷ ታየዋለች? ከኢንተርኔት የተገኘ ነገር ዋጋው የሚለካው እዚህ ላይ በሚያደርገው እርዳታ ነው። ቀጥሎ ያሉት አባባሎች ከዚህ ጥያቄ ዞር ስለሚያደርጉን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጥሩ ቪዲዮ ካለ መምህሩ ቢቀርም ግድ የለም»

ይህንስ አገራችን በሰፊው ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2004 ገደማ (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የገባውን ፕላዝማ የዚያ ዘመን ተማሪ ሁሉ ያስታውሰዋል። ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይሰራጭ ነበር። ትምህርቱ በግዴለሽነት የተሠራ አልነበረም፤ ሥዕሉ ያማረ፣ ቅደም ተከተሉም የታሰበበት ነበር። ነገር ግን የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ስርጭቱ ይወስደዋል፤ መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ የተረፈችውን ይዞ ጥግ ላይ ይቆማል። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ክፍሉ ሁሉ እንደ መለሰለት ቆጥሮ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በሁለተኛው መስመር ላይ የጠፋበት ተማሪ እስከ መጨረሻው እንደ ጠፋበት ይቀራል። ስርጭቱን «ቆይ» ማለት አይቻልም፤ በእንግሊዝኛ የተነገረውን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ለመድገምም ጊዜ የለም።

የሚገርመው በዚያው 2004 አሜሪካ ውስጥ ተቃራኒው ነገር እየተጀመረ ነበር። በኋላ ካን አካዳሚን የመሠረተው ሳልማን ካን ቦስተን ሆኖ ኒው ኦርሊንስ የምትኖር ዘመዱን በስልክ ሒሳብ ያስጠና ጀመር። ልጅቷ የት ላይ እንደምትሰናከል እየሰማ፣ እየጠየቀ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነበር የሚያስጠናት። ቪዲዮዎቹ ዩቲዩብ ላይ የወጡት ቆይቶ በ2006 ነው፤ ካን አካዳሚ ድርጅት የሆነው ደግሞ በ2008። ድርጅቱ ከቪዲዮዎቹ ጎን ለጎን መልመጃዎችን ሠርቷል፤ መልመጃዎቹ የትኛው ተማሪ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደተቸገረ ለመምህሩ ያሳያሉ። ቪዲዮ በማየት ብቻ እንደማይበቃ የቪዲዮው ባለቤቶች ራሳቸው ያወቁት ነገር ነው።

በእኔ አስተያየት ቪዲዮ ከማንም በላይ የሚጠቅመው መምህሩን ነው። ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሌላ መምህር ያንኑ ርዕስ በምን ምሳሌ እንደጀመረው፣ የትኛውን ለሁለተኛ ቀን እንዳቆየው ያያል። ጠዋት ክፍል ሲገባ የሚያስፈልገው ቾክ ብቻ ነው።

«ፈጣን ኔትወርክ ከሌለ አይሞከርም»

ይህ ከአሥር ዓመት በፊት ግማሽ እውነት ነበረው፤ ዛሬ የለውም። ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለው ድርጅት የሠራው ኮሊብሪ የተዘጋጀው በተለይ ኢንተርኔት ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ኔትወርክ ያለበት ከተማ ላይ አንድ ላፕቶፕ ውስጥ ይጫናል፤ ከዚያ ገጠር ሲደርስ ላፕቶፑ በራሱ ዋይፋይ ዙሪያው ላሉ ስልኮች ትምህርቱን ያካፍላል። የካን አካዳሚ መልመጃዎች እዚያው ውስጥ ይገኛሉ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ፌት ማሳያዎችም ወርደው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ፌትን በ2002 ያስጀመረው በፊዚክስ ኖቤል ያገኘው ካርል ዋይማን ነው፤ ስለ ክፍልፋይና ስለ ግራፍ የሚያሳዩ የሒሳብ ክፍሎችም አሉት።

ጂኦጀብራን ለብቻው ማንሳት ይገባል። ማርኩስ ሆኸንዋርተር የተባለ ኦስትሪያዊ ሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪው ማሟያ ብሎ የጀመረው ፕሮግራም ነው። ስልክ ላይ አንዴ ከተጫነ ኔትወርክ አይጠይቅም። ክብ ሣሉ፤ ዲያሜትሩን አስምሩ፤ ክቡ ላይ አንድ ነጥብ ይዛችሁ ከዲያሜትሩ ሁለት ጫፎች ጋር አገናኙት። ነጥቡን በጣት ወዲያ ወዲህ ስትጎትቱት ሦስት ማዕዘኑ ቅርጹን ይቀያይራል፤ ነጥቡ ላይ ያለው ማዕዘን ግን 90 ዲግሪ ሆኖ ይቀራል። ፕሮጀክተር ከሌለ አንድ ስልክ ከቡድን ወደ ቡድን ይዞራል። ስልክም ከሌለ የደብተር ገጽ 90 ዲግሪ የሆነ ማዕዘን ክቡ ላይ አስደግፎ ያንኑ ማሳየት ይቻላል፤ ጥያቄው («ለምን አይለወጥም?») እኮ አንድ ነው።

ከሁሉም የሚቀለው ደግሞ ወረቀት ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ኤንሪች ከ1996 ጀምሮ በነፃ የሚያወጣቸው የሒሳብ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሰሌዳ ላይ በሁለት መስመር ይጻፋሉ። አዘጋጆቹ የሚመርጡት መግቢያው ዝቅ ያለ፣ ጣራው ከፍ ያለ ጥያቄ ነው፤ ደካማው ተማሪ የሚጀምረው፣ ጎበዙም ቶሎ የማይጨርሰው። ሰባ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ይህ ከማንኛውም ቪዲዮ ይበልጣል።

«በእንግሊዝኛ ነው፣ ለኛ አልተሠራም»

በከፊል እውነት ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ቋንቋው ራሱ ችግር ላይሆን ይችላል፤ በመጀመሪያ ደረጃ ግን መምህሩ ሁሉንም ወደ ልጆቹ ቋንቋ መተርጎም አለበት። ሆኖም ከቋንቋው ይልቅ ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ የአሜሪካ ጥያቄዎች በኢንችና በሳንቲሞቻቸው የተሞሉ ናቸው፤ ቁጥሩን ሳይነኩ በብር፣ በኪሎና በሜትር መቀየር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለተኛው ይከብዳል፦ የርዕሶቹ ቅደም ተከተል ከእኛ መማሪያ መጽሐፍ ጋር አይገጥምም። «አልጀብራ አንድ» የሚለውን ኮርስ እንዳለ አውርዶ ለ9ኛ ክፍል መስጠት ልጆቹን ገና ያልደረሱበት ላይ ይጥላቸዋል። መነሻው የመማሪያ መጽሐፉ ይሁን፤ ከውጭ የሚመጣው አንድ ጥያቄ ወይም አንድ ማሳያ ብቻ።

«ብዙ ሰው የወደደው ትክክል ነው»

በ2019 8 ÷ 2(2 + 2) የሚል ጥያቄ ዓለምን አዳረሰ። ግማሹ 16፣ ግማሹ 1 አለ፤ ስድብም ተጨመረበት። የሒሳብ ሰዎች መልስ አሰልቺ ነበር፦ አጻጻፉ አሻሚ ነው፣ ቅንፍ ጨምሩበት። ለመምህር የሚጠቅመው ግን ከጭቅጭቁ ሥር የነበረው ስህተት ነው። ቦድማስን (የስሌት ቅደም ተከተል ደንቡን) በቃላቸው የያዙ ብዙ ተማሪዎች (አንዳንዴም ቪዲዮ የሚሠሩ አስተማሪዎች) ማካፈል ምንጊዜም ከማባዛት ይቀድማል፣ መደመርም ከመቀነስ ይቀድማል ብለው ያምናሉ። እንደዚያ ከሆነ 10 − 3 + 2 ስንት ነው? ደንቡን እንዲያ ያነበበ ተማሪ 5 ይላል። ትክክለኛው 9 ነው፤ መደመርና መቀነስ እኩል ደረጃ ስላላቸው ከግራ ወደ ቀኝ ይሠራሉ። አንድ ቪዲዮ አንድ ሚሊዮን ጊዜ መታየቱ ይህን አይለውጠውም።

ሌላው ምሳሌ እኛኑ ይመለከታል። በእንግሊዝኛ ድረ ገጾች ላይ «የኢትዮጵያውያን ማባዣ» የሚባል ዘዴ አለ። 13ን በ24 ለማባዛት በግራ በኩል 13ን እያጋመሱ፣ ትርፏን እየጣሉ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ይጽፋሉ። በቀኝ በኩል 24ን እጥፍ እያደረጉ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን ረድፍ ይሰርዛሉ፤ እዚህ የ6 ረድፍ ይወጣል። የቀሩት ይደመራሉ፦ 24 + 96 + 192 = 312። ልክ ነው።

ከዘዴው ጋር አንድ ታሪክ ይዞራል፦ በሬ ሊገዛ የመጣ የውጭ ሰው፣ የተጠራ ቄስ፣ መሬት ላይ የተቆፈሩ ጉድጓዶችና ጠጠሮች። ታሪኩ ከገጽ ወደ ገጽ ሲገለበጥ የት፣ መቼ፣ ማን እንዳየው አብሮ አይገለበጥም። ያው ዘዴ በሌላ ገጽ የሩሲያ ገበሬዎች ይሆናል። በጽሑፍ የተያዘው ማስረጃ እጥፍ እያደረጉ ማባዛት በጥንታዊት ግብፅ እንደነበረ ነው፤ አህሜስ የተባለ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የገለበጠው የሪንድ ፓፒረስ ይመሰክራል። ስማችን መጠራቱ ደስ ቢልም መምህሩ ታሪኩን እንደ ታሪክ ይተወውና ሒሳቡን ክፍል ያስገባው። ለምን ይሠራል? 13 የ1፣ የ4 እና የ8 ድምር ስለሆነ፤ የተሰረዘው ረድፍ የ2 ነበር። ኮምፒውተር የሚቆጥርበት የሁለትዮሽ ሥርዓት መግቢያው ይኸው ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ባጭሩ። ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የተሳሳተን አሠራር ልክ እንደ ትክክለኛው በልበ ሙሉነት ይጽፋሉ። መልስ ከመጠየቅ ይልቅ «ተማሪ እዚህ ጥያቄ ላይ ምን ምን ዓይነት ስህተት ሊሠራ ይችላል?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ ነው፤ የሚሰጠውን ዝርዝር መምህሩ ራሱ ሠርቶ ያጣራል።

«ድጋፍ ለጀማሪ ነው፤ ሒሳብ የሚያውቅ መምህር አያስፈልገውም»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ይህ ነው። ወደ 0.35 እና 0.4 እንመለስ። 0.35 ይበልጣል ያለችው ተማሪ 35ን ከ4 ጋር አወዳድራ ሊሆን ይችላል። እሺ፤ 0.4 ይበልጣል ያለው ተማሪስ ገብቶታል? ላይገባውም ይችላል። በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ኬይ ስቴሲና ቪኪ ስታይንል በአስርዮሽ ቁጥሮች ላይ ባደረጉት ሰፊ ጥናት፣ አንዳንድ ልጆች «ከነጥብ በኋላ ያጠረው ይበልጣል» ብለው እንደሚያስቡ አሳይተዋል፤ አንድ አሥረኛ ከአንድ መቶኛ ስለሚበልጥ። እንዲህ የሚያስብ ልጅ ይህችን ጥያቄ ያገኛታል፣ እርማት ይደረግለታል፣ ያልፋል። 0.4 እና 0.73 ቢሰጡት ግን 0.4 ይበልጣል ይላል። ሁለቱን ጥያቄዎች አጠገብ ላጠገብ ማስቀመጥን ዲግሪ አያስተምርም።

ይህ ዓይነቱ ዕውቀት ስም አለው። ሊ ሹልማን በ1986 ትምህርቱን ከማወቅም፣ በጥቅሉ ማስተማርን ከማወቅም የተለየ፣ ያንን ትምህርት ለማስተማር የሚያስፈልግ ዕውቀት እንዳለ ጻፈ። ሄዘር ሂል፣ ብራያን ሮዋንና ዴቦራ ቦል በ2005 ባወጡት ጥናት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የ1ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች የሒሳብ መሻሻል ከመምህራቸው ይህን መሰል ዕውቀት ጋር እንደሚያያዝ አገኙ። የ1ኛ ክፍል ሒሳብ እንኳ ለማስተማር የተለየ ዕውቀት ይጠይቃል ማለት ነው።

ታዲያ ከየት ይገኛል? ጃፓኖች ከመቶ ዓመት በላይ የያዙት ልማድ አለ። የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን የሚያስቸግር ርዕስ ይመርጣሉ፤ አንድ ክፍለ ጊዜ አብረው ያቅዳሉ፤ አንዱ ያስተምራል፤ ሌሎቹ መምህሩን ሳይሆን ተማሪዎቹን ያያሉ፣ ማን ምን ጻፈ፣ የት ቆመ እያሉ። ከዚያ ተቀምጠው ዕቅዱን ያርማሉ። በጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ ከ1998 ጀምሮ ኬንያ ውስጥ፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ማጠናከሪያ ፕሮጀክቶች ተካሂደዋል፤ የኬንያው ማቀድ፣ መሥራት፣ ማየት፣ ማሻሻል የሚል ዑደት ይከተላል።

በእኛም ወረቀት ላይ ጎደለ የሚባል ነገር የለም። የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ መመሪያ ከያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ይጠብቃል፤ የጉድኝት ማዕከላትም የተቋቋሙት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች እንዲማማሩ ነው። 60 ሰዓቱ ግን ብዙ ቦታ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚታይ ፖርትፎሊዮ መሙያ ሆኗል፤ የተካፈሉበት ሥልጠና ሰርተፊኬትም እዚያው ይታሰራል። የሒሳብ ዲፓርትመንት ተሰብስቦ የተማሪ ደብተር ከፍቶ «ይህ ልጅ ምን አስቦ ነው?» ያለበት ሰዓት በፋይሉ ውስጥ አይታይም።

ቴሌግራም የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው የመምህራን ግሩፕ ፒዲኤፍ መጽሐፍና የፈተና ወረቀት መለዋወጫ ነው፤ እሱም ጥሩ። ነገር ግን አምስትና ስድስት የሒሳብ መምህራን ያሉበት ትንሽ ግሩፕ፣ በሳምንት አንድ የተማሪ ስህተት ፎቶ (ስሙ ተሸፍኖ) ቢለጠፍበትና ሁሉም ምክንያቱን ቢገምት፣ ከአንድ የሁለት ቀን ሥልጠና የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ወጪው ጥቂት ሜጋባይት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለርዕሳነ መምህራን ነው። የሚቀጥለው ዓመት ፕሮግራም ሲወጣ የሒሳብ መምህራን ሁሉ ክፍት የሚሆኑባት አንዲት ክፍለ ጊዜ በሳምንት ያስቀምጡላቸው፤ ለስብሰባ አይውሰዱባቸው፤ ከ60ውም ሰዓት ውስጥ ትቆጠርላቸው።