አንድ ተራራ፣ ሁለት ከተሞች፦ የወልቂጤና የቡታጅራ አመሠራረት በመልክዓ ምድርና በታሪክ ዓይን

መግቢያ

በትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የመልክዓ ምድር ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ ይጀምራል። ተማሪው የዓለምን ታላላቅ ወንዞችና ተራሮች በቃሉ ያጠናል፤ ወላጆቹ በየሳምንቱ ገበያ የሚወጡባት ከተማ ለምን በዚያ ቦታ ላይ እንደ ተቆረቆረች ሲጠየቅ ግን መልስ ያጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት የጉራጌ ከተሞችን፣ ማለትም ወልቂጤንና ቡታጅራን በምሳሌነት ወስዶ፣ የአንድ አነስተኛ የአስተዳደር መናኸሪያ ታሪክና መልክዓ ምድር እንዴት ተያይዞ ሊጠና እንደሚችል ማስረዳት ነው።

ሁለቱ ከተሞች የተመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም ከአንድ ተራራ ሥር ይገኛሉ፤ ነገር ግን ተራራው በመካከላቸው ቆሞ ውሃቸውን፣ መንገዳቸውንና አስተዳደራቸውን ለየብቻ አድርጎታል። ይህ ከታወቀ በታሪካቸው ውስጥ የተበታተነ የሚመስለው ነገር ሁሉ መልክ ይይዛል።

1. የምድሩ አቀማመጥ

የጉራጌ ተራሮች በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የተዘረጉ ናቸው። ከፍተኛው ሥፍራ፣ የዘቢዳር ተራራ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,700 ሜትር ይበልጣል። ተራራው ለዝናብ ውሃ መክፈያ ነው። በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ውሃ ወደ መቂ ወንዝ ይገባና ዝዋይ ሐይቅ ይደርሳል። በስተ ምዕራብ የሚወርደው ደግሞ በዋቤና በሌሎች ገባሮች አማካይነት ከግቤ ጋር ይቀላቀላል፤ ግቤም ኦሞ ተብሎ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይዘልቃል። ስለዚህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ደመና ሥር፣ በተራራው አናት ላይ የወረደ ዝናብ ሁለት ዕድል አለው፤ አንዱ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሲቀር ሌላው እስከ ኬንያ ጠረፍ ይሄዳል።

ቡታጅራ በምሥራቁ ግርጌ፣ በ2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ምድሩ ቀስ በቀስ እየዘቀጠ በ1,636 ሜትር ከፍታ ላይ ወደሚገኘው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል። አካባቢው በእሳተ ገሞራ የተሠራ ነው። ከከተማዋ በስተ ደቡብ የሚገኘው ሐረ ሸይጣን የተባለው ክብ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ጎድጓዳ ሥፍራ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ለተማሪ የስምጥ ሸለቆን አፈጣጠር ለማስረዳት ከመጽሐፍ ሥዕል ይልቅ ይህ ሐይቅ ይበልጣል።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጅማ መንገድ ላይ፣ በ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ምድሩ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲኬድ ደግሞ ወደ ቸሃ፣ ወደ እዣና ወደ ሌሎቹ የሰባት ቤት ጉራጌ ደጋዎች ይወጣል።

2. ከተሞቹ በዳር የተቆረቆሩበት ምክንያት

አንድ ከተማ በሀገሩ መሐል ይበቅላል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። ወልቂጤና ቡታጅራ ግን የሚያሳዩት ተቃራኒውን ነው። ሁለቱም የተቆረቆሩት ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ዳር ላይ ነው።

የዚህ ምክንያት እንሰት ነው። እንሰት በደጋና በወይና ደጋ፣ ከቤት ጓሮ፣ በከብት ፍግ እየተኮተኮተ ለበርካታ ዓመታት የሚያድግ ተክል ነው። በጥቂት መሬት ላይ ብዙ ሕዝብ ለመመገብ ስለሚያስችል የጉራጌ ደጋዎች ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረ ሕዝብ ይዘው ለመኖር ችለዋል። ይሁን እንጂ ቆጮ ብቻውን አይበቃም። ደገኛው በርበሬ፣ በቆሎና የቆላ ከብት ይፈልጋል፤ ቆለኛውም ቆጮ፣ ገብስና ባቄላ ይፈልጋል። ሁለቱ የሚገናኙበት ሥፍራ ገበያ ይሆናል፤ ገበያው ሲጸና ከተማ ይሆናል። ከቡታጅራ በስተ ምሥራቅ ካለው ዝቅተኛ ሥፍራ የሚመጣውና በመላ ሀገሪቱ ስሙ የታወቀው የማረቆ በርበሬ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ዳር መሆን የሚያገናኘው ሰብልን ብቻ ሳይሆን ሕዝብንም ጭምር ነው። በቡታጅራ ዙሪያ የመስቃን፣ የማረቆ፣ የስልጤና የሶዶ ሕዝቦች ይገበያያሉ። በወልቂጤ ዙሪያም ጉራጌ፣ ቀቤናና ኦሮሞ ጎረቤታሞች ናቸው። በሁለቱም ገበያዎች የሴማዊና የኩሻዊ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይሰማሉ፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑም በአንድ ገበያ ይውላሉ።

3. ከጥንት እስከ መንገድ ዘመን

በአካባቢው ሰው ሠልጥኖ መኖር የጀመረው ከከተሞቹ ብዙ አስቀድሞ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሶዶ ምድር፣ የጢያ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። በሥፍራው ካሉት 36 ሐውልቶች መካከል 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። የመቃብር ሥፍራ መሆኑ በቁፋሮ የተረጋገጠው ይህ ቦታ በ1972 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1980) በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ የጉራጌ ምድር በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ሲገባ የተራራው ወዲያና ወዲህ አንድ ዓይነት ዕጣ አልገጠማቸውም። ሰሜናዊው የሶዶ ክስታኔ ወገን ቀደም ብሎ ያለ ብዙ ውጊያ ሲገብር፣ በምዕራብ በኩል ግን በቀቤናው በሐሰን ኢንጃሞ የተመራው ብርቱ ተቃውሞ በራስ ጎበና ዳጬ ጦር የተሸነፈው በ1880 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ሕዝቡ ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የራሱ የአስተዳደር ሥርዓት ነበረው። ሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ሸንጎ፣ ክስታኔ ደግሞ በጎርደና ሴራ ይዳኝ ነበር። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ጀፎረ ነው። ጀፎረ በጉራጌ መንደሮች መካከል የሚያልፍ፣ ቤቶች በግራና በቀኝ የሚሰለፉበት፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ መንገድ ነው። ለቅሶውም፣ ሠርጉም፣ ስብሰባውም የሚከናወነው በዚያ ነው። ጀፎረን ማንም ወደ እርሻው እንዳይገፋ የሚጠብቀው ባህላዊው ሕግ ነው። እንግዲህ መንገድ የጋራ ሀብት ነው የሚለው አስተሳሰብ ለጉራጌ ሕዝብ ከውጭ የመጣ ትምህርት አልነበረም።

4. የመንገዶቹ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጣው የጅማ መንገድ ዓለም ገና ላይ ሲደርስ ይከፈላል። አንደኛው ቅርንጫፍ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ ይደርሳል፤ ሁለተኛው ወደ ደቡብ ታጥፎ በመልካ ቁንጡሬ፣ በጢያና በቡኢ በኩል ቡታጅራ ይገባል። ተራራው የከፈለው ውሃ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

የጅማው የመኪና መንገድ የተሠራው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ነው። ወልቂጤን ከመንደርነት አውጥቶ የመኪና ማረፊያና የንግድ ከተማ ለመሆን ያበቃት ይህ መንገድ ነው። የቡታጅራው መስመር ግን ለብዙ ዘመን ተዘንግቶ ቆይቷል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የተነሣው ራሱ ሕዝቡ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ የተሰማሩ የጉራጌ ተወላጆች ከሀገር ቤት ወገኖቻቸው ጋር ገንዘብ እያዋጡ የመንገድ ሥራ ማኅበራት አቋቋሙ። በምሥራቅ በኩል የዓለም ገና–ወላሞ መንገድ ሥራ ማኅበር ሲቋቋም፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ወልቂጤን ከእንድብርና ከሆሳዕና ጋር ለማገናኘት የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ተቋቋመ። በዚህ ሥራ ጀነራል ወልደ ሥላሴ በረካ ስማቸው በቀዳሚነት ይነሣል። ምሁሩ ፈቃዱ ገዳሙ በ1964 ዓ.ም. ገደማ ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ያተኮረው በምሥራቁ ማኅበር ላይ ነው።

ሁለት ማኅበር መቋቋሙ በራሱ ትምህርት ይሰጣል። ሕዝቡ አንድ ሲሆን ተራራው ግን ሁለት መንገድ ግድ ብሎታል። መንገዶቹም ከተሞቹን አሳደጉ። በአዲስ አበባ የሚኖረው ጉራጌ ለመስቀልና ለአረፋ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ የሚያልፈው በእነዚሁ ከተሞች በኩል ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ቡታጅራ ከ33 ሺህ፣ ወልቂጤም ከ28 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ነበሯቸው።

5. የአስተዳደር ወሰኖች መለዋወጥ

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሁለቱም ከተሞች በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበሩ፤ ነገር ግን በአንድ አውራጃ አልነበሩም። ወልቂጤ ዋና ከተማው ወሊሶ በነበረው በጨቦና ጉራጌ አውራጃ ሥር ስትሆን፣ ቡታጅራ ደግሞ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ውስጥ ነበረች። የኋለኛው አውራጃ ስም ልብ ሊባል ይገባል፤ አስተዳደሩ ቡታጅራን ያቆራኛት ውሃዋ ከሚፈስበት ከሐይቆቹ ምድር ጋር ነበር።

ከ1984 ዓ.ም. በኋላ በተደረገው አዲስ አከላለል ሁለቱ ወገኖች ወልቂጤን ዋና ከተማ ባደረገው በጉራጌ ዞን ተጠቃለሉ። በ1993 ዓ.ም. በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ስልጤ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ በኋላ ደግሞ የምሥራቁ ወገን ቡታጅራን ዋና ከተማ አድርጎ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ተባለ፤ ቀቤናና ማረቆም ልዩ ወረዳዎች ሆኑ። እነዚህ ለውጦች ያለ ክርክር የተፈጸሙ አይደሉም፤ በተለያዩ ጊዜያት ሰላማዊ ተቃውሞም፣ ሕይወት የጠፋበት ግጭትም አስከትለዋል።

6. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠው ትምህርት

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ፍሬ ነገር የአስተዳደር ወሰን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊለወጥ ሲችል፣ የውሃውና የምድሩ ወሰን ግን ባለበት የሚጸና መሆኑ ነው። በቡታጅራ በላይ ያለው ተዳፋት ቢራቆት አፈሩ በመቂ በኩል ወደ ዝዋይ ይሄዳል፤ በምዕራቡ በኩል ቢራቆት ደግሞ ወደ ግቤና በ2009 ዓ.ም. ወደተመረቀው ወደ ግልገል ግቤ ሦስት ግድብ ያመራል። አፈሩ በየትኛው ዞን እንደሚያልፍ አይጠይቅም።

የከተማ ውሃም እንዲሁ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በወልቂጤ የመጠጥ ውሃ አጥተው አደባባይ በወጡ ነዋሪዎች ላይ በደረሰው አደጋ የሰው ሕይወት ማለፉን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። በመንገድ ምክንያት በፍጥነት ያደገ ከተማ የውሃ ምንጩ በዚያው ፍጥነት ካላደገ ምን ሊከተል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ መራራ ማስረጃ አይፈለግም። ስለዚህ የከተማ ዕቅድ ከካርታው የአስተዳደር መስመር ይልቅ ከተፋሰሱ መጀመር ይኖርበታል።

ጥናት በገጠር ከተማ ሊካሄድ እንደሚችልም ቡታጅራ አሳይታለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1979 ዓ.ም. ገደማ የጀመረው የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮጀክት በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትና ሞትን በየጊዜው ቤት ለቤት እየመዘገበ በሀገሪቱ ለሚደረጉ በርካታ ጥናቶች መሠረት ሆኗል። በወልቂጤ አጠገብ በጉብርዬ የሚገኘውና በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ለመሰል ጥናት አመቺ ነው።

መምህራን በክፍል ውስጥ የሚከተሉትን ተግባራት ሊያሠሩ ይችላሉ።

ሀ) ተማሪዎች በገበያ ቀን ወደ ከተማዋ የሚገባው እህል፣ ቅመምና ከብት ከየት እንደሚመጣ እየጠየቁ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብለው በሠንጠረዥ ይመድቡ።

ለ) ከትምህርት ቤቱ ግቢ የሚወርደው የዝናብ ውሃ እስከ መጨረሻው የት እንደሚደርስ በካርታ ላይ ይከታተሉ።

ሐ) ለመንገድ ሥራ ያዋጡ አረጋውያን ካሉ፣ ምን ያህል እንዳዋጡና ለምን እንዳዋጡ ጠይቀው ይመዝግቡ። እነዚህ አባቶችና እናቶች እያለፉ በመሆናቸው ይህ ሥራ ለነገ ሊባል አይገባም።

መ) በመንደራቸው ያለው ጀፎረ በወርዱ ስንት እርምጃ እንደሆነና የተጣበበ እንደሆነም ለምን እንደተጣበበ ለክተው ያስረዱ።

መደምደሚያ

ወልቂጤና ቡታጅራ በሀገሪቱ ካርታ ላይ ትናንሽ ነጥቦች ናቸው። ነገር ግን ተራራ ውሃን፣ ውሃ ሰብልን፣ ሰብል ገበያን፣ ገበያ መንገድን፣ መንገድም ከተማን እንዴት እንደሚወስን በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ላይ በግልጽ ይታያል። የማንኛዋም ከተማ መምህር ይህንኑ ጥያቄ በራሱ ከተማ ላይ ሊያነሣ ይችላል። ከተማው ለምን እዚህ ቦታ ላይ እንደተቆረቆረ የሚያውቅ ተማሪ፣ ውሃው ሲጎድል ወይም ተዳፋቱ ሲራቆት ምን መደረግ እንዳለበት ለመመካከር ብቁ ይሆናል።