የደም ግፊት ክኒን፣ ድንችና የፖታሲየም ሚዛን

በደብረ ታቦር ዙሪያና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ግርጌ ድንች ከገበሬው ማዕድ አይጠፋም። አንድ መቶ ግራም ቅቅል ድንች ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ፖታሲየም ይይዛል። ይህ ንጥረ ነገር ለጤነኛ ሰው ጠቃሚ ነው። የስኳር በሽታና የደም ግፊት በአንድነት ላሉበት ሰው ግን ጥቅሙም ሆነ ጉዳቱ የሚወሰነው በሚወስደው መድኃኒትና በኩላሊቱ አቅም ነው። ምክንያቱን እንመልከት።

ፖታሲየም ለነርቭ፣ ለጡንቻና ለልብ ምት አስፈላጊ ነው። በሰውነታችን ካለው 98 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በሕዋሳት ውስጥ ሲሆን፣ በደም ውስጥ ሊኖር የሚገባው በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ብቻ ነው። ኢንሱሊን ፖታሲየምን ወደ ሕዋስ ያስገባል፤ ኩላሊት ደግሞ ትርፉን በሽንት ያስወግዳል። የስኳር በሽታ ሁለቱንም ያውካል።

ወደ መድኃኒቶቹ ስንመጣ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጨውና ውኃ በሽንት እንዲወጣ በማድረግ ግፊትን ይቀንሳል። ሆኖም ፖታሲየምም አብሮ ይወጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ቆሽት ኢንሱሊን የማመንጨት አቅሙ ስለሚዳከም የደም ስኳር ሊጨምር ይችላል። ኢናላፕሪል በአንጻሩ የደም ሥሮችን ያላላል፣ ኩላሊትንም ከስኳር በሽታ ጉዳት ይከላከላል። ነገር ግን አልዶስተሮን የተባለውን ሆርሞን ስለሚቀንስ፣ በተለይ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ደም ውስጥ ፖታሲየም ሊከማች ይችላል።

እንግዲህ ሁለት ጎረቤታሞች ከአንድ ገበታ ድንች ቢበሉ፣ የአንዱን ጉድለት ሲሞላ የሌላውን ትርፍ ሊያባብስ ይችላል። ይበልጥ የሚያሳስበው የምልክቶቹ መመሳሰል ነው። ፖታሲየም ሲያንስም ሲበዛም ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል። አንዳንዴም ምንም ምልክት ሳይታይ ለሕይወት ያሰጋል። ድካም ስለተሰማን ብቻ መድኃኒት ማቋረጥ ወይም የጎረቤትን ክኒን መዋስ የማይገባው ለዚህ ነው። መጠኑን በትክክል የሚያሳየው የደም ምርመራ ነው።

ክኒን የሚወስዱ ወላጆች ያሉን ሁሉ፣ መድኃኒቱ ሲጀመርም ሆነ መጠኑ ሲለወጥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ ማድረጋቸውን እንጠይቃቸው። ሐኪም ፖታሲየም እንዲቀንሱ ካዘዛቸውም ድንቹን ልጦና ከትፎ በብዙ ውኃ መቀቀል፣ ውኃውንም መድፋት ይረዳል።