የአገር ዕዳ በመስቀል ማዕድ

በመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባ የሚወጣው ሚኒባስ ሁሉ ፊቱን ወደ ጉራጌ አገር፣ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ ያዞረ ይመስላል። ቤተሰብ ጅባው ላይ ይሰበሰባል። ሴቶቹ በውጆ ያጠራቀሙት ቅቤ ይነጠራል፤ ክትፎው በጣባ፣ ቆጮው ከጎኑ ይቀርባል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ደግሞ በየዓመቱ የማይቀረው ክርክር ይነሣል።

«በጃንሆይ ጊዜ አንድ ዶላር በሁለት ብር ነበር» ይላሉ ትልቁ ሰውዬ። ከመርካቶ የመጣው የወንድማቸው ልጅ ይቀበላል፦ «ጋሼ፣ ያኔ እዚህ ደጃፍ መኪና ይደርስ ነበር?» የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፣ «እናንተ ተበደራችሁ፤ ከፋዮቹ ግን እኛ ነን» ትላለች። ጥግ ላይ ፈንዲሻ የሚያድሉት እትዬ ዝም ይላሉ። በደርግ ዘመን ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ አልተመለሰም። ክርክሩ ወደ ጦርነት ሲዞር ማንም ቀና ብሎ አያያቸውም።

ይህ ወግ በሺህ ቤት የሚደገም ነው። ሦስት ጥያቄዎችን አንድ ላይ ይቋጥራል፤ አገሪቱ ምን ያህል ዕዳ አለባት፣ ኑሯችን ተሻሻለ ወይስ ከፋ፣ በየዘመኑ የተዋጋነውስ ለምንና በማን ኪሳራ ነው? ተከራካሪው ሁሉ እውነት ይዟል፤ ግን እያንዳንዱ ከደብተሩ የገለጠው የራሱን ገጽ ብቻ ነው። ዕቁብ የጠጣ ጉራጌ ግን ደብተር እንዴት እንደሚነበብ ያውቃል። ዕቁብ ውስጥ ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ተበዳሪ ነው፤ መጨረሻ የሚወስደው አበዳሪ ነው። በመካከል ዋስ አለ። ዳኛውና ጸሐፊው ባሉበት ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ማን ወሰደ? ምን ሠራበት? ቢቀር ማን ይከፍላል? የአገር ዕዳም በእነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ነው መፈተሽ ያለበት።

በብድር የተሠራ መንገድ፣ በመዋጮ የተሠራ መንገድ

የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የመጀመሪያውን ብድር የሰጠው ለኢትዮጵያ ነው። በ1943 ዓ.ም መባቻ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ፣ 2 ሚሊዮን ዶላር ለልማት ባንክ ተፈቀደ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመውም ከዚሁ የመንገድ ብድር ጋር ተያይዞ ነው። ጣሊያን ለወረራው የሠራቸው መንገዶች እየፈረሱ ስለነበር ገንዘቡ በቅድሚያ የዋለው እነሱን ለመጠገን ነው። ይህ ዕዳ ሦስቱን ጥያቄዎች ይመልሳል፤ ወሳጁ ይታወቃል፣ ሥራው ይታያል፣ መንገዱም ዛሬ ድረስ ይነዳበታል።

ትልልቆቹ መንገዶች ግን ብዙውን የጉራጌ አገር ሳይነኩ ነበር ያለፉት። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ነጋዴዎች፣ ሹማምንትና የጦር መኮንኖች መዋጮ ሰበሰቡ፤ ገበሬውም አዋጣ፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በመሣሪያና በባለሙያ አገዘ። አንዱ ማኅበር ከአለም ገና በቡታጅራ በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ተሸከመ፤ ሌላው ወደ ሰባት ቤት ጉራጌ አገር የሚገቡትን መንገዶች። ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በዚሁ የአለም ገና መንገድ ማኅበር ላይ ነው። ከዋና ከተማዋ ወደ ቡታጅራ የሚነዳ ሰው ዛሬም የሚሄደው አያቶቹ ባዋጡበት መስመር ላይ ነው። እኔ ይህን መንገድ ባየሁ ቁጥር የሚያኮራኝ አስፋልቱ አይደለም፤ ያዋጣው ሰው ሁሉ የገንዘቡን መድረሻ በዓይኑ ያየ መሆኑ ነው።

የጦርነት ዕዳ

ዕዳና ጦርነት ከተጣመሩ ቆይተዋል። አንድ ጊዜ ባለዕዳዋ ኢትዮጵያ ሳትሆን ጣሊያን ነበረች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢትዮጵያ ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ባቀረበችው ሰነድ ከ760 ሺህ በላይ ዜጎቿ እንደሞቱባት አስመዘገበች። በ1939 ዓ.ም የተፈረመው ውል ጣሊያን 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ወሰነ። ካሳው ከዓመታት ድርድር በኋላ መጣ፤ በእሱም በ1952 ዓ.ም የተመረቀው የቆቃ ግድብ ተሠራ። በደም የተጻፈ ሒሳብ መብራት ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው፤ ያለቀውን ሕዝብ ባይመልስም።

በደርግ ዘመን ነገሩ ተገለበጠ። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም ከሶማሊያ ጋር፣ ከዚያም በሰሜን ለዓመታት በተደረገው ጦርነት ከሶቭየት ኅብረት የመጣው መሣሪያ አብዛኛው በብድር ነበር። ደርግ ሲወድቅ የአገሪቱ የውጭ ዕዳ ግማሽ ያህሉ ለሞስኮ የሚከፈል ነበር። ሩሲያ በኋላ ቢሊዮኖቹን ሰረዘች። የታንክ ዕዳ ግን ሲሰረዝም ከበስተኋላው የሚቀር መንገድም ሆነ ግድብ የለም። «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚባለው ተረት እዚህ ላይ ይከብዳል፤ ልጁ የሚከፍልለትን ነገር ቢፈልግም አያገኘውም። ከጥግ ሆነው የሚሰሙት እትዬ የከፈሉት ደግሞ በየትኛውም የብድር ሰነድ ላይ አልሰፈረም።

«ዶላር በሁለት ብር ነበር»

ወደ ጋሼ እንመለስ። የተናገሩት እውነት ነው። ከ1965 ዓ.ም ጀምሮ እስከ 1985 ዓ.ም አንድ ዶላር የሚመነዘረው በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። ነገር ግን ይህ ዋጋ በመንግሥት ውሳኔ የተተከለ ነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ በደርግ የጦርነት ዓመታት፣ በ1977ቱ ረሃብም አልተንቀሳቀሰም፤ በደርግ መጨረሻ ግን የጥቁር ገበያው ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነበር። ስለዚህ የምንዛሪው ቁጥር ብቻውን የኑሮ ሚዛን አይሆንም። ዶላር በሁለት ብር በሚመነዘርበት በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ አልቋል።

የኑሮ ሚዛን ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ አንዱ ቡታጅራ ውስጥ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን ጀመሩ። ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው፣ መረጃ ሰብሳቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የገባውንና የወጣውን መዘገቡ። ሥራው ለብዙ ዓመታት ቀጥሎ በአፍሪካ ከቀደሙት የሕዝብና የጤና ክትትሎች አንዱ ሆነ። የኑሮ ክርክር መነሻ መሆን ያለበት እንዲህ ያለ መዝገብ ነው፦ ስንት ሕፃን ተወለደ፣ ስንቱ አምስት ዓመት ሞላው?

በአገር አቀፍ ደረጃ መልሱ የሚያስደስት ነው። በ1992 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም ጥናት 67 ደረሰ። ከድህነት መስመር በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም 45.5 በመቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም 23.5 በመቶ ሆነ። ከመርካቶ የመጣው ልጅ የሚናገረውም እውነት ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ኮቪድ፣ ጦርነትና የዋጋ ንረት ተደራረቡ፤ በ2014 ዓ.ም ዋጋ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ጨመረ። ደመወዙ ባለበት የቆመ መምህር «ኑሮ ከፋ» ሲል ስሜቱን እየተናገረ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡን ሠርቶ ነው።

ሌላም ሚዛን አለ፤ ጓሮ ውስጥ የቆመው እንሰት። ድርቅ ይችላል፤ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረው ቆጮ ለክፉ ቀን ይቆያል። በ1977ቱ ረሃብ የእንሰት አገር የሰሜኑን ያህል ያልተጎዳው በዚህ ነው። የጓሮው እንሰት በብሔራዊ ሒሳብ ውስጥ ያለው ቦታ ትንሽ ነው፤ የቤተሰብን ሕይወት ግን ይዟል።

ከስረዛ ወደ አለመክፈል

በሚያዝያ 1996 ዓ.ም ኢትዮጵያ ከፍተኛ ዕዳ ላለባቸው ድሃ አገሮች የተዘጋጀውን የዕዳ ቅነሳ አጠናቀቀች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የዓለም ባንክ፣ የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይ.ኤም.ኤፍ) እና የአፍሪካ ልማት ፈንድ ዕዳ ተሰረዘላት። ደብተሩ ከሞላ ጎደል ነጭ ሆነ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ለባቡር፣ ለኃይል፣ ለስኳርና ለኢንዱስትሪ ፓርክ በፍጥነት ተበደርን። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለው ባቡር በዋናነት በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ተሠራ። ገቢው ከክፍያው ጋር ስላልተመጣጠነ የመክፈያው ጊዜ በ2010 ዓ.ም መጨረሻ ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ስምምነት ተደረገ።

በ2007 ዓ.ም ደግሞ አገሪቱ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ቦንድ ሸጠች፤ 1 ቢሊዮን ዶላር፣ ወለዱ 6.625 በመቶ፣ በዓመት ሁለቴ የሚከፈል። እያንዳንዱ የወለድ ክፍያ 33 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም ይህ ክፍያ አልተከፈለም፤ ኢትዮጵያም በወረርሽኙ ማግስት ዕዳ መክፈል ካቆሙት ከዛምቢያና ከጋና ቀጥላ ተሰለፈች። በዚያን ጊዜ የውጭ ዕዳው 28 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

ምንዛሪው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። ያው 33 ሚሊዮን ዶላር ከ1.9 ቢሊዮን ብር ወደ 3.3 ቢሊዮን ብር ዘለለ። አንድም ዶላር ሳንበደር ዕዳው በብር ሲቆጠር ከበደ። አይ.ኤም.ኤፍ በበኩሉ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። በቻይናና በፈረንሳይ ሊቀ መንበርነት የተቋቋመው የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴም ከ8.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ዕዳ በሚቃለልበት መንገድ ተስማማ፤ ሰነዱ በሰኔ 2017 ዓ.ም ተፈረመ።

የዕዳ ሽግሽጉ የተጠየቀው በ2013 ዓ.ም ነበር፤ ስምምነት እስኪገኝ አራት ዓመት ገደማ ወሰደ። በመካከሉ በትግራይ የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ነበር። በ2014 ዓ.ም ከጸደቀው የ122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ የተመደበ ነው። ተማሪዋ «ከፋዮቹ እኛ ነን» ያለችው ይህንንም ይጨምራል።

ዕዳው ወረዳ ሲደርስ

ዕዳ የሩቅ ነገር የሚመስለው ዋስ እስኪጠራ ድረስ ነው። በደቡቡ ክፍል ገበሬው ማዳበሪያ በዱቤ ሲወስድ ዋሱ የክልሉ በጀት ነበር። ምርት ሲቀንስ፣ የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር፣ ገበሬው ሳይከፍል ሲቀር ባንኩ ዋሱን ያዘ፤ ገንዘቡ ለክልሉ ከሚላከው በጀት ተቆረጠ። በዚህ የተነሣ በተለያዩ ዞኖች መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ለወራት ደመወዝ ሳያገኙ ቀርተዋል። ማዳበሪያውን ያልወሰደችው አስተማሪ ሳታውቅ ዋስ ሆና ተገኘች። ዕቁብ ቢሆን ኖሮ ዋሱ ፈርሞ ነበር የሚገባው።

ወልቂጤ ደግሞ የውሃ ጉዳይ አለባት። በየካቲት 2015 ዓ.ም የከተማዋ ነዋሪ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ አደባባይ ወጣ፤ በተቃውሞው ላይ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ሰዎች ሞቱ። በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር በተበደረ አገር ውስጥ የዞን ዋና ከተማ ለውሃ ሰው መቅበሯ፣ ብድሩ የት ደረሰ የሚለውን ጥያቄ ከማንም ባለሙያ በላይ አጥብቆ ይጠይቃል።

የማን ታሪክ?

የጦርነት ታሪክ ክርክሩን የሚያከርረው ሒሳቡ ያልተዘጋ ስለሆነ ነው። በጉራጌ ምድር እንኳ አንድ ወጥ ትዝታ የለም። የክስታኔ ጉራጌ ለምኒልክ ያለ ጦርነት ገብሯል፤ በሌላው በኩል ግን ወልቂጤ አቅራቢያ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ የምኒልክን የጦር መሪ የራስ ጎበናን ጦር ለዓመታት ተቋቁሟል። አንዱ ቤት «አንድነት» የሚለውን ሌላው ቤት «መወረር» ይለዋል፤ ሁለቱም ከአያቱ የሰማውን ነው የሚናገረው። የዓድዋው ጀግና ደጃዝማች ባልቻ ሳፎን ጉራጌውም ኦሮሞውም የእኔ ነው ይላል። እሳቸው ግን በ1929 ዓ.ም በእርጅና ዘመናቸው የወደቁት ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ነው።

የቁጥር ክርክርም እንዲሁ ነው። ጣሊያን በአዲስ አበባ የጨፈጨፋቸውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ኢትዮጵያ 30 ሺህ ትላለች፤ ታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምቤል 19 ሺህ ገደማ ይላል። በሰሜኑ ጦርነት ደግሞ የአፍሪካ ኅብረቱ አደራዳሪ ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ እስከ 600 ሺህ ሰው ሞቶ ሊሆን እንደሚችል ተናግረዋል። ቁጥሩን መጠየቅ ሟቹን መናቅ አይደለም። በዘመኑ ስም በስም ሳይመዘገብ የቀረ ሰው ግን በየክርክሩ እንደገና ይሞታል።

ደብተሩ ይከፈት

ገንዘብ ሚኒስቴር የመንግሥት ዕዳን የሚዘረዝር መጽሔት በየጊዜው ያወጣል፤ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በአበዳሪ ዓይነትና በወለድ ተከፋፍሎ። ጥሩ ነገር ነው። ጋሼም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪዋም የሚያነቡት ግን አይደለም። የአለም ገናው መንገድ ሲሠራ ያዋጣ ሰው የሚጠይቀውን ያውቅ ነበር። የዛሬው ከፋይም በሚያነበው ቋንቋ፣ ፕሮጀክት በፕሮጀክት፣ ማን ወሰደ፣ ምን ተሠራበት፣ ማን ዋስ ሆነ የሚል ደብተር ይገባዋል። ጦርነቱም የራሱ ገጽ ያስፈልገዋል፤ ወጪውም፣ ያልተመለሱት ልጆች ስምም የሚሰፍርበት።

ያ ገጽ ከተከፈተ የመስቀሉ ክርክር አይቆምም፤ መቆምም የለበትም። ጋሼ ስለ ሁለት ብሩ፣ ልጁ ስለ መንገዱ፣ ተማሪዋ ስለ ወለዱ ይቀጥላሉ። ለእትዬ ግን ዝምታቸውን የሚሰብሩበት አንድ መስመር ይገኛል፤ ፈንዲሻውን አስቀምጠው «የእኔም እዚህ አለ» የሚሉበት።